ሳናመሰግነው የምንጠቀምበት ፕሮግራም፤ የእናንተ የትኛው ነው?

ታይፒስቷ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

አራት ኪሎ አካባቢ ትንሽ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አለችኝ። ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን፣ ማመልከቻ፣ ሲቪ፣ ያው የምታውቁት ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ሽማግሌ ሲዲ በጋዜጣ ጠቅልለው መጡ። ባለቤታቸው አስተማሪ ነበሩ፣ ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ከእናታቸው የሰሟቸውን ተረቶች በ1993 ዓ.ም. አንድ ቦታ አስተይበው በፍሎፒ አስቀምጠው ነበር። ልጃቸው በኋላ ወደ ሲዲ ገልብጦታል። የታተመው ወረቀት ግን ቤት ሲቀየር ጠፋ። «ሦስት ቦታ ወስጄው ተበላሽቷል ብለው መለሱኝ፣ እስቲ አንቺም እይው» አሉኝ።

ሲዲ የሚያነብ ኮምፒውተር የቀረኝ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ጠረጴዛ ሥር አቧራ ሲጠጣ የከረመ። አስነሣሁት። ፋይሉ አለ። ሁልጊዜ የምጽፍበት ፕሮግራም ግን «የድሮ ፋይል ነው፣ አልከፍትም» አለ። በሊብሬኦፊስ (በነጻ የሚገኝ የጽሕፈት ፕሮግራም ነው) ሞከርኩት፣ ከፈተው! የተከፈተው ግን ዶሮ የጫረው ነው የሚመስለው። የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቁጥር፣ የፈረንሳይ ፊደል ከነቆቡ፣ ሁሉም ተደባልቆ። ሽማግሌው በትከሻዬ በኩል አዩና «አላልኩሽም?» አሉ።

እኔ ግን እዚህ ሥራ ላይ 17 ዓመት ስለቆየሁ ያንን ጭረት አውቀዋለሁ። የድሮ ፎንት ነው። አሮጌ ፍላሽ ውስጥ ፈልጌ ፎንቱን አገኘሁትና ጫንኩት። ጽሑፉን በሙሉ መርጬ ፎንቱን ስቀይረው የመጀመሪያው መስመር ላይ «ተረት ተረት» የሚል ወጣ። ከኋላዬ ሽማግሌው ቀስ ብለው «የላም በረት» አሉ። ዞሬ ማየት አልቻልኩም።

62 ገጽ አተምኩላቸው። መርቀውኝ መርቀውኝ ሄዱ። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ነገር ከንክኖኛል። ምርቃቱን የተቀበልኩት እኔ ነኝ፣ ፋይሉን የከፈተው ግን የማላውቃቸው ሰዎች በነጻ የሠሩት ፕሮግራም ነው። ስንት ዓመት ኮምፒውተር ላይ እንጀራዬን ጋግሬያለሁ፣ እንዲህ ያሉትን ሰዎች አንድ ቀን እንኳን አመስግኜ አላውቅም። እንዲህ ያለውን ሰው እንዴት ነው የሚያመሰግኑት? እናንተስ እንዲህ የምትሉት ፕሮግራም አላችሁ?

—

የሰፈር_ልጅ

ቪኤልሲ፣ የቪዲዮ ማጫወቻው። ክርክር የለውም። ሌላው ሁሉ «ይህን ፋይል ማጫወት አልተቻለም» ሲል ኮኗ (ምልክቷ የመንገድ ኮን ነው) ትከፍተዋለች። የእህቴ ሠርግ በ1996 ዓ.ም. የተቀረጸበት ቪሲዲ አለ፣ ድመት የቧጨረው ነው የሚመስለው። እየተንገጫገጨችም ቢሆን እስከ ኬክ ቆረሳው ትወስደኛለች።

—

ኮድ_ቆርጣሚ

@የሰፈር_ልጅ ኮኗ ከየት እንደመጣች ታውቃለህ? ቪኤልሲን የጀመሩት የፓሪስ የምሕንድስና ተማሪዎች ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1996። ግቢያቸው ውስጥ ቪዲዮ በኔትወርክ ለማሠራጨት ነበር ሐሳባቸው። የተማሪዎቹ ማኅበር ከመንገድ የለቃቀማቸው ኮኖች ነበሩት፣ ምልክቱ እሱ ሆኖ ቀረ። በ2001 ኮዱን ለሁሉም ክፍት አደረጉት። እስከዛሬ ማስታወቂያ የለውም። ፕሮጀክቱን የሚመራው ዣን ባፕቲስት ኬምፍ ማስታወቂያ እንዲያስገባ ብዙ ገንዘብ ቀርቦለት እምቢ እንዳለ ራሱ ተናግሯል። እኔ ብሆን... አልምልም።

—

እውነቱን_ልናገር

ይቅርታ አድርጉልኝና ሶፍትዌር ዕቃ ነው። መዶሻ ታመሰግናላችሁ? ለዚያውም እዚህ አገር ከአሥሩ ኮምፒውተር ስንቱ ላይ ነው ተገዝቶ የተጫነ ነገር ያለው? እኔ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ ኤክሴል ላይ ነኝ፣ ክራክ ነው። ሰርቀን እየተጠቀምን ደግሞ ምስጋና። ቀልድ ነው።

—

ታይፒስቷ

@እውነቱን_ልናገር ወንድሜ፣ ዳቦ ከእጅህ ወድቆ ስታነሣው ስመኸው አታውቅም? ዳቦም ዕቃ ነው።

ደግሞ እኔ ያወራሁት ስለ ክራክ አይደለም፣ ሠሪው ራሱ «ውሰዱት» ስላለው ነው። ልዩነት አለው።

—

ካሜራ_ተሸካሚ

እህቴ ጥሩ ጥያቄ ነው ያነሣሽው፣ እኔም ለሰው ያላወራሁት አንድ ጉድ አለኝ።

ባሕር ዳር ነው የምሠራው፣ ሠርግ አነሣለሁ። ጥር ላይ ነው፣ ጥር ደግሞ ለኛ እንቅልፍ የለውም። ቅዳሜ ሠርግ አነሣሁ፣ እሑድ የዚያው ሠርግ መልስ ነበር። ሌሊት ደክሞኝ ስገባ ፎቶውን ወደ ኮምፒውተር የገለበጥኩት መስሎኛል። ጠዋት ካርዱን ካሜራው ላይ ፎርማት አድርጌ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ። ባጃጅ ውስጥ ሳለሁ ነው ትዝ ያለኝ። የገለበጥኩት የሐሙሱን ነው! የቅዳሜው የለም። የሙሽሪት አባት ሲመርቁ፣ አያትየዋ ሲያለቅሱ፣ ሁሉም እዚያች 32 ጊጋ ካርድ ላይ ነበር። ላቤ በጀርባዬ ሲወርድ ይሰማኛል።

ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። «ካርዱን አውጣው። አንድም ፎቶ እንዳትጨምርበት። ሌላ ካርድ ገዝተህ ሥራህን ሥራ፣ ማታ እንገናኝ» አለኝ። መልሱን እንዴት እንዳነሣሁ እኔ ነኝ የማውቀው፣ ፈገግ በሉ እያልኩ እኔ የቀብር ፊት ይዤ።

ማታ ፎቶሬክ የሚባል ነገር ከፈተ። ጥቁር መስኮት ነው፣ መዳፊት (ማውስ) እንኳን አይቀበልም፣ በቀስት ቁልፍ ነው የሚኬደው። እኔማ «ይሄ ነው የሚያድነኝ?» ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ከዚያ ቁጥር መቁጠር ጀመረ። ጄፔግ (የፎቶ ፋይል ማለት ነው) 12፣ ጄፔግ 85፣ ጄፔግ 340... ከ1,400 በላይ አወጣ።

ጓደኛዬ እንዳስረዳኝ፣ ካርድ ፎርማት ሲደረግ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ማውጫው ነው እንጂ ፎቶው አይደለም። መጽሐፍ ውስጥ የርዕስ ማውጫውን ገጽ እንደመቅደድ በለው፣ ምዕራፎቹ እዚያው ናቸው። ፎቶሬክ ማውጫውን ትቶ ካርዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ እየዳሰሰ «እዚህ ጋ ጄፔግ ይጀምራል» የሚለውን ምልክት ይለቅማል። አዲስ ፎቶ ከተጨመረበት ግን በአሮጌው ላይ ይጻፍበታል፣ ያኔ አለቀ። አትንካው ያለኝ ለዚህ ነው።

አንድ ችግር አለው፣ የፋይሉን ስም አይመልስም። ሁሉም ፊደልና ቁጥር ብቻ ሆኖ ነው የሚወጣው። ካርዱ ላይ ከዚያ በፊት ያጠፋኋቸው ሠርጎችም አብረው ወጡ፣ የአራት ሠርግ ሙሽሮች ተቀላቅለው! ሲለዩ ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ። የአንዱን ሙሽሪት ለሌላው ሙሽራ ብልክለት አስቡት።

ጥንዶቹ እስካሁን አያውቁም። ዘንድሮ የልጃቸውን ክርስትና ያነሣሁት እኔ ነኝ።

ምስጋናን በተመለከተ፣ ሠሪው ክሪስቶፍ ግሬኒየ የሚባል ፈረንሳዊ ነው። ገንዘብ ልልክ ብዬ የብር ካርዴ ውጭ አገር አልሠራ አለኝ። ሜሪላንድ ያለችው እህቴ በኔ ስም 20 ዶላር ላከችልኝ። ለሷ ደግሞ በርበሬ ላክሁላት። እንዲህ ነው የተወራረድነው።

—

የሰፈር_ልጅ

«የቀብር ፊት ይዤ» 😂😂 ወንድሜ ገደልከኝ።

—

ጅዳ_ያለሁት

እኔ እንደናንተ ስለ ኮምፒውተር አላውቅም። የኔ ኢሞ ነው፣ በኢንተርኔት በቪዲዮ የሚያስደውለው። ስቃችሁብኝም ከሆነ ሳቁ።

እዚህ ከመጣሁ 11 ዓመቴ ነው። የዋትሳፕ ጥሪ እዚህ ለዓመታት ዝግ ነበር፣ በካርድ ደውዬ ሁለት ደቂቃ ሳላወራ ሒሳቡ ያልቅብኝ ነበር። ኢሞን አንዷ የአገሬ ልጅ ስልኬ ላይ ጫነችልኝ። እናቴ ወሎ ገጠር ናት፣ ስልኩ የጎረቤት ልጅ ነው። ማዳም ስትተኛ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ እደውላለሁ። ኔትወርኩ ቢንቀራፈፍም እየተቆራረጠ ይገባል።

እናቴ ቪዲዮ መሆኑ አይገባትም። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ትለጥፈዋለች። ስለዚህ የእናቴን ፊት ሳይሆን ጆሮዋን ነው የማየው። ልጁ «እማማ፣ ራቅ አድርጊው!» ይላታል፣ ትንሽ ታርቀውና መልሳ ትለጥፈዋለች። መጀመሪያ እናደድ ነበር። አሁን የጆሮዋን ጉትቻ ቀዳዳ፣ ከሥሩ ያለችውን ትንሽ ጠባሳ፣ ሽበቷ እየጨመረ ሲሄድ፣ ሁሉንም በልቤ ይዣለሁ። ባለፈው ዓመት ጉትቻዋን አጣሁት። ሸጣው ኖሮ አልነገረችኝም። በጆሮዋ ነው ያወቅኩት፣ ብር ላክሁላት።

ማስታወቂያው ያሰለቻል፣ እውነት ነው። ግን ኢሞን የሠራው ሰው እግዚአብሔር ይስጠው።

—

ኮድ_ቆርጣሚ

@ጅዳ_ያለሁት ማንም አይስቅብሽም እህቴ።

—

መምህር_ነጭ_በትር

እህት ታይፒስቷ፣ ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ ሰማሁት። ሰማሁት ያልኩት ማየት የተሳነኝ ስለሆንኩ ነው፣ የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህር ነኝ።

የኔ ምስጋና ኤንቪዲኤ ለሚባለው ነው። ስክሪን ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ነው። ማይክል ኩራን የሚባል አውስትራሊያዊ ወጣት በ2006 እ.ኤ.አ. ጀመረው፣ ጄምስ ቴ የሚባል ጓደኛው ተቀላቀለው፣ ሁለቱም ዐይነ ስውራን ናቸው። ያኔ የነበሩት የታወቁት አንባቢ ፕሮግራሞች ዋጋቸው ወደ ሺህ ዶላር የሚጠጋ ነበር። እነሱ «ሌላው ሰው ስክሪን ለማየት ካልከፈለ እኛ ለምን እንከፍላለን?» በሚል መንፈስ ሠርተው በነጻ ለቀቁት።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አንባቢ ፍለጋ ዶርም ለዶርም እንዞር ነበር። ፈቃደኛ ተማሪ ይገኛል፣ አይካድም። ግን ፈተና ሲደርስ ሰው የራሱን ነው የሚያነበው። የንባቡስ ይሁን፣ የፍቅር ደብዳቤህን የዶርም ጓደኛህ በጎርናና ድምፅ ሲያነብልህ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ? «ውዴ ሆይ» ብሎ ቆም ይልና ይስቃል። ሥራ ከያዝኩ በኋላ ኤንቪዲኤ ላፕቶፔ ላይ ተጫነልኝ። የመጀመሪያዋን ኢሜይል ብቻዬን ያነበብኩ ቀን ከአንድ መሥሪያ ቤት የመጣ ተራ ማስታወቂያ ነበር። ደጋግሜ ሰማሁት። ማንም በመሐል አልነበረም።

አማርኛውን የሚያነበው ኢስፒክ የሚባለው ድምፅ ነው፣ እሱም ነጻ ነው። ድምፁ ቆርቆሮ ነው፣ አልዋሻችሁም። ማጥበቅና ማላላት አያውቅም። «የገና በዓል» ሲል ገና ያልደረሰ በዓል ያስመስለዋል፣ «ዋና ከተማ» ሲል ደግሞ ሰው የሚዋኝበት ከተማ። ግን አልፈርድበትም፣ እኛ ራሳችን ማጥበቂያ ምልክት አንጽፍለትም።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። የሽማግሌውን ፋይል ፎንት ብቻ ነው የቀየርሽው ወይስ ወደ ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ አሠራር) ለወጥሽው? ፎንት ብቻ ከሆነ ሥራው አላለቀም። የድሮው አሠራር ፈረንጅን ነጠላ አልብሶ እንደማቆም ነው። ለሚያይ ሰው ሐበሻ ይመስላል፣ አፉን ሲከፍት ግን ፈረንጅ ነው። ከሥሩ ያለው የላቲን ፊደል ስለሆነ እኔ ያንን ፋይል ብከፍት የምሰማው «ኦ፣ ሰባት፣ ጥያቄ ምልክት፣ ዩ» ነው። ያንን ፎንት የሌለው ኮምፒውተርም እንደገና የዶሮ ጭረቱን ነው የሚያሳየው። መፈለግ አይቻልም፣ ስልክ ላይ አይነበብም። ወረቀቱ እንደገና ቢጠፋ ሽማግሌው እንደገና ሲዲ ጠቅልለው ሊዞሩ ነው።

—

ኮድ_ቆርጣሚ

መምህር ያሉት ትክክል ነው። ያኔ የሠሩት ሰዎች ሰንፈው አልነበረም። አንድ ፎንት ላይ የነበረው ቦታ 256 ነው፣ እሱም ሁሉ ክፍት አይደለም። የኛ ፊደል 33 ሲባዛ በ7 ብቻ 231 ነው፣ እነ ቋ፣ ኳ፣ ሏ ሲጨመሩ፣ ቁጥሩና ነጠላ ሰረዙ ሲጨመር አይበቃም። ስለዚህ አንዱ ድርጅት ፊደሉን ሁለት ፎንት ላይ ከፍሎ አስቀመጠ፣ ሌላው ቆራርጦ ገጣጠመ። ሁሉም በየራሱ አደረደር። እርስ በርስ አይግባቡም።

በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ ነው የግዕዝ ፊደል የራሱን ቦታ ያገኘው። ዛሬ ስልካችሁ ላይ አማርኛ ስትጽፉ ሌላው ሰው ያለምንም ፎንት ጭነት የሚያነበው ለዚህ ነው። ከዚያ በፊት ፊደላችንን ኮምፒውተር ላይ ለማውጣት ዓመታት የለፉ ሰዎች አሉ፣ ዶ/ር አበራ ሞላ አንዱ ናቸው (የጽዳቱ ጋሽ አበራ ሞላ አይደሉም፣ እኔም ልጅ ሆኜ አንድ ሰው ይመስለኝ ነበር)። ዩኒኮዱ ላይ ደግሞ እነ ዳንኤል ያዕቆብ ብዙ ሠርተዋል። ማመስገን ከሆነ እነዚህም ይጨመሩ።

@ታይፒስቷ የድሮ ፎንትን ወደ ዩኒኮድ የሚለውጡ ነጻ መሣሪያዎች አሉ። በውስጥ መስመር ልኬልሻለሁ። ዋናውን ፋይል እንዳትነኪ፣ ኮፒው ላይ ሥሪ።

—

እውነቱን_ልናገር

እሺ፣ መምህር አሳመኑኝ። ኤክሴልን አመሰግናለሁ።

ክራኩን የሠራውንም ልጨምር?

—

የሰፈር_ልጅ

@እውነቱን_ልናገር አንተ አትድንም 😂

—

ኮድ_ቆርጣሚ

ምርቃት ከተነሣ አይቀር አንድ ልጨምር። ኤስኪውላይት የሚባል ነገር አለ። አንዳችሁም አልጫናችሁትም፣ ግን ሁላችሁም ስልክ ውስጥ አለ። የስልክ ቁጥሮቻችሁ፣ የዋትሳፕ መልእክቶቻችሁ የሚቀመጡት በሱ ነው። ሪቻርድ ሂፕ የሚባል አሜሪካዊ በ2000 እ.ኤ.አ. ሠርቶ የባለቤትነት መብቱን ጭራሽ ተወው። ሌላው ሶፍትዌር ኮዱ አናት ላይ «ያለ ፈቃድ መገልበጥ ክልክል ነው፣ በሕግ ያስጠይቃል» የሚል ይለጥፋል። የሱ ኮድ አናት ላይ ያለው ግን ምርቃት ነው። ወደኛ ሲመለስ እንዲህ ይመስላል፦

«መልካም ሥራ እንጂ ክፉ አትሥራ። ለራስህ ይቅርታን አግኝ፣ ሌሎችንም ይቅር በል። ሳትሰስት አካፍል፣ ከሰጠኸውም በላይ አትውሰድ።»

መጀመሪያ ሳየው ቀልድ መስሎኝ ነበር። አያቴ ቡና ስትጠጣ የምትለው ነው እኮ።

—

ጅዳ_ያለሁት

አሜን።

—

የሰፈር_ልጅ

አሜን።

—

መምህር_ነጭ_በትር

አሜን። ቆርቆሮው ድምፅ ሲያነበውም ያምራል።

—

ታይፒስቷ

ሦስት ቀን ጠፋሁ፣ ይቅርታ።

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እውነት ነው፣ ፎንት ብቻ ነበር የቀየርኩት። 17 ዓመት ስተይብ ልዩነቱን በቅጡ አላውቀውም ነበር፣ ያሳፍራል። ኮድ_ቆርጣሚ በላከልኝ መሣሪያ ለወጥኩት። አብዛኛው ደህና ወጣ። 11 ቦታ ላይ ግን ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ቀረ። ሽማግሌውን ጠራኋቸው። ገጹን አስጠግተው አነበቡና ሳጥኑ ጋ ሲደርሱ ሳይቆሙ አለፉ። «አባባ፣ እዚህ ጋ እኮ ፊደል የለም» አልኳቸው። «እሷ ስታወራው ሰምቼዋለሁ፣ 'ቋንጣ' ነው፣ ጻፊው» አሉኝ። አሥራ አንዱንም እንዲህ ሞላነው። አንዱ ላይ ብቻ ተከራከርን፣ እሳቸው «ጓሮ» ይላሉ፣ እኔ «ጓዳ» ነው ብዬ። ጅቡ ጓዳ አይገባም አሉኝ፣ ተሸነፍኩ።

ልጃቸው ስልክ ላይ በቴሌግራም ላክሁት። እሱም ለእህቶቹ አስተላለፈው።

ለሊብሬኦፊስ ሰዎች ደግሞ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ኢሜይል ጻፍኩ። ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፍቶኝ የሽማግሌውን ምርቃት ነው ተርጉሜ ያስገባሁት። «ያሰብሽው ይሙላልሽ» በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚባል አላውቅም፣ እንደመሰለኝ ጻፍኩት።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። @ካሜራ_ተሸካሚ ያ ፎቶሬክ ያልከው ፍላሽ ላይም ይሠራል? ፎቶ ያልሆነ ፋይልስ? አንዲት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን አጥፍታ ሱቄ ቁጭ ብላ እያለቀሰች ነው።

—

ካሜራ_ተሸካሚ

ይሠራል፣ ዎርድም ፒዲኤፍም ያወጣል። ፍላሹን አሁኑኑ ንቀይው! ምንም እንዳትጭኚበት፣ ፕሮግራሙን ራሱ ኮምፒውተሩ ላይ እንጂ ፍላሹ ላይ እንዳታወርጂው፣ የሚወጣውንም ሌላ ቦታ አስቀምጪ። ሻይ አጠጫት፣ ትንሽ ጊዜ ይወስዳል። ስንት ጊጋ ነው ፍላሹ?